የደረጄ ሹክሹክታ

ባለቤቴ ደረጄ አዲስ አበባ እያለን ቲያትር ቤት ነበር የሚሠራው። ተዋናይ ግን አልነበረም። ከመጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ቃል ለጠፋው ተዋናይ ሹክ ይላል። ጭብጨባው ለሌላ፣ የጉሮሮ መድረቁ ለእሱ። ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ከገባን ወዲህ ደግሞ ኦኔ በሚባል ሰፈር የአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ያጸዳል። እሑድ ከሰዓት ላንሲ ባለች አንዲት አዳራሽ ለቻይናውያን ሠራተኞች እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ በነፃ። "ሰው በዕረፍት ቀኑ ያርፋል፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?" ስለው፣ "እንግሊዝኛዬ እንዳይዝግ ብዬ ነው፣ ትርፌ" ይላል። የሱ እንግሊዝኛ ምንም አይሆንም። የዛግሁት እኔ ነኝ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ላን ናት። ኦ ቪቭ ሰፈር በሚገኝ የአንድ ዲፕሎማት ቤት እሷ ወጥ ቤቱን፣ እኔ ልብሱንና ወለሉን ይዘን ዓመታት አብረን ሠርተናል። ያ ዲፕሎማት በዘጠና ስድስት ክረምት ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ በደረጄ በኩል ስለሆነ አልደነገጥኩም። የላን ፈቃድ፣ እዚህ ፐርሚ የሚሉት፣ ግን ከአሠሪዋ ጋር የተሰፋ ነው፤ እሱ ሻንጣውን ሲዘጋ እሷም ትዘጋለች። አገሯ ደግሞ አልጋ ላይ የዋለች እናት አለቻት፤ የምትታከመው ላን በምትልከው ነው። አንድ ተስፋ ብቻ ነበራት። ዙሪክ ያለ አንድ የቆንስላ ቤተሰብ፣ ከልጆቹ ጋር በእንግሊዝኛ የምትግባባ ወጥ ቤት ይፈልጋል። እሷን ከወሰዳት አዲስ ፐርሚ ያወጣላታል።

ወደ ዙሪክ ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ እኔም ትምህርቱ ላይ ነበርኩ፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እግሬን ዘርግቼ። ደረጄ ሰሌዳው ላይ መጋረጃ ስሎ "ባክስቴጅ" ብሎ ጻፈ። "ይህ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ቦታ ነው። ተዋናይ ልብስ የሚቀይርበት፣ ገመድ የሚጎተትበት" አለ። ቀጠለና "ወደ ኑሮ ስታመጡት ደግሞ፣ እንግዶች ሳሎን ሆነው የሚያዩት ያማረውን ሳህን ነው። እናንተ ያላችሁት ባክስቴጅ ነው" አላቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልጋቸውም።

ላን እጇን አወጣች። "በእኛም አለ፤ ሆውታይ። ግን እኛ ስንለው ቦታው ብቻ አይደለም። ከኋላሽ ያለው ሰውም ሆውታይ ነው። ትልቅ ሰው። ሆውታይ ያለው አይወድቅም።"

"በእኛ አገር ከመጋረጃ ጀርባ ከተባለ ተንኮል ነው" አልኩ ከኋላ። ደረጄ ሲተረጉምላቸው ሳቁ። ላን አልሳቀችም።

"እኔ ሆውታይ የለኝም" አለች።

ደረጄ ጠመኔውን አስቀመጠ። "እኔ አለሁልሽ" አላት። በቃ፣ ያቺን የዕረፍት ቀኔን ዙሪክ ልትበላት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀኑ ደርሶ ሦስታችን ስንሄድ፣ ባቡር ላይ ከጄኔቭ እስከ በርን አላሳረፋትም። ጥያቄውን እሱ ይጠይቃል፣ መልሱን እሱ ይሰጣል፣ እሷ ትደግማለች። ሙያው የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አያቀብልም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ነው፤ ለዚያ ቀን ደግሞ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሩ ቅርጽ ያሳያል። "ሲጠፋሽ አፌን እይ" አላት። ላን አፉን ስታይ፣ ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ እኛን ሲያይ፣ እኔ መስኮቱን ሳይ ደረስን።

ዙሪክ ፈረንሳይኛችንን ከጣቢያው በር ላይ አስቀረችው። በተሰባበረ ጀርመንኛ መንገድ እየጠየቅን በትራም ዳገቱን ወጣን። የቤቱ እመቤት ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሶፋ ላይ ተቀመጡ ብትለንም ደረጄ "እዚህ ይመቸኛል" ብሎ ከእመቤቲቱ ጀርባ፣ መስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር ያዘ። ለምን እንደመረጣት እኔና ላን እናውቃለን።

መጀመሪያው ጥሩ ሄደ። የት ሠራሽ፣ ምን ታበስያለሽ፣ መቼ መጀመር ትችያለሽ። ደረጄ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ላን ትመልሳለች። ከዚያ እመቤቲቱ ሻዩን አስቀምጣ፣ "ትንሹ ልጄ ምግብ እምቢ ይላል። እምቢ ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለቻት።

ይሄ ባቡር ላይ አልተጠናም። ላን የደረጄን አፍ አየች።

ለደረጄ ጸጥታ ማለት ቤት ሲቃጠል ማየት ነው። ቆየ፣ ተቁነጠነጠ፣ አልቻለም። "አይ ዉድ ትራይ..." አለ፣ እንዲህ እሞክራለሁ በይ ሲላት፤ በከንፈሩ ሳይሆን በድምፁ፤ ቲያትር ቤት እንደለመደው።

እመቤቲቱ ዞረች። ደረጄን አየችው፣ ላንን አየቻት። "ይቅርታ፣ የምቀጥረው ማንን ነው?" አለችና ፊቷ ያለውን ወረቀት ሰበሰበች። የላን እናት ትዝ አለችኝ፤ አይቻት የማላውቃት ሴት።

ላን ብድግ አለች። አብረን በምንሠራበት ቤት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። "ቲቸር፣ እባክህ ውጣ" አለችው።

በጣም ተናደድኩ። ስንት እሑድ የለፋላትን ሰው! ደረጄ ግን ኮቱን አነሳ። ተከትዬው ኮሪደር ላይ ወጣሁና በሩን ከኋላችን ገርበብ አደረግሁት። "አመል ያወጣል ከመሐል አሉ" አልኩት። እያልኩት ፊቱን ሳየው አሳዘነኝ።

ጆሮውን ወደ በሩ አስጠግቶ ቆመ። ውስጥ አሁንም ጸጥታ ነው። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። እጄን አፉ ላይ ጫንኩበት። ትንፋሹ መዳፌን አሞቀው።

ከዚያ የላን ድምፅ መጣ፤ ስብርብር ባለ እንግሊዝኛ። "ልጅ እምቢ። እሺ። እኔ አልቆጣም። አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። የሱን ምግብ እኔ እበላለሁ። በጣም ጣፋጭ! አልሰጠውም። ትንሽ ቆይቶ ልጅ፣ ስጪኝ ይላል። እኔ፣ አይሆንም፣ የኔ ነው! ልጅ ያለቅሳል። እሺ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ።"

እመቤቲቱ ሳቀች። የልብ ሳቅ ነበር። እጄን ከአፉ አነሳሁ፤ ሊናገር የቀረው ነገር አልነበረም።

ላንን የልጆቹን እራት እንድትሠራ እዚያው አስቀሯት፤ ሥራው የእሷ ሆነ። በር ላይ የደረጄን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ጎንበስ ጎንበስ አለች። እሱ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" ብቻ አላት።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ሁለታችን ብቻችንን ነበርን ማለት ይቻላል። እስከ ሎዛን መስኮቱን ተደግፎ ሄደ። ከዚያ ሐይቁን እያየ፣ "ትርፌ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለተዋናዮቹ ቶሎ ቶሎ ሹክ ስል፣ ትንሽ ብታገሳቸው ራሳቸው የሚናገሩት ስንቶቹ ነበሩ ይሆን?" አለኝ።

የማጽናኛ ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። የራሱን ቃል እስኪያገኝ ጠበቅሁት።

"ደክሞኛል" አለ በመጨረሻ።

ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ የኔ ቃል ነበር። ጫማውን አስወለቅሁትና እግሩን ጭኔ ላይ አደረግሁለት። "ተኛ፤ ጄኔቭ ስንደርስ እቀሰቅስሃለሁ" አልኩት።