በችኮላ የተገጠመው ቺንጋ

ዘከሪያ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ሲሰማ ነገሩ ገባው። ማስነሻው ሞተሪኖ ሸክሙን እንደጣለ አህያ ያለ ምንም ትግል ይሮጣል። እንዲህ የሚሮጥ ሞተር ውስጡ እስትንፋስ የለውም። ዘከሪያ ግን ቁልፉን መልሶ አጠፋ። ከጠዋት ጀምሮ ከመኪና ሥር ሲገባና ሲወጣ የዋለ ሰው ነው፤ ክፉ ወሬ ለመናገርም እኮ አቅም ይጠይቃል።

«ባትሪ ይሆናል» አለ ደመቀ ከኋላው።

«ባትሪማ ደህና ነው፣ ደሜ። ትሰማው የለ?»

አማኑኤል ጀርባ ባለችው በዚህች ጋራዥ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ፀጉራቸው ሸብቷል። የሀፍሷን ሚኒባስ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ያቺን የሞተሩን ላይና ታች አስማምታ የምታስኬደውን ቀበቶ፣ ትናንት የለወጠው ደመቀ ነው። ገጥሞ ሲጨርስ ሞተሩ ተነሥቶ ሁለቴ አንኳኳና ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ።

ሀፍሷ እጇን አጣምራ ቆማለች። ከተክለ ሃይማኖት ልጆች ትምህርት ቤት የምታመላልሰው በዚህ መኪና ነው። «ሴት ሾፌር?» እያሉ ፊታቸውን ያዞሩባት ወላጆች ገና ዘንድሮ ነው ልጆቻቸውን ያመኗት።

«ጋሽ ዘከሪያ፣ የሶማሌ ተራው አብራር ፎርጂድ ቺንጋ ሸጦልኝ ነው አይደል? ሄጄ ሱቁ በር ላይ ባላዋርደው!»

«ሊሆን ይችላል» አለ ደመቀ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ዘከሪያ ቀና ብሎ አየው። ወዳጁ ሳያጣራ በሰው ሲያላክክ ሰምቶት አያውቅም።

ዘከሪያ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታና በአንዱ ቀዳዳ ላይ አውራ ጣቱን ደፍኖ «በል አስነሣ» አለው። ጣቱን ገፍቶ ማስፈንጠር የነበረበት አየር የሕፃን ትንፋሽ ያህል እንኳ አልሆነም። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ደገመው። የደከመው የፒስተኑ ፋሻ ቢሆን ዘይቱ ይደግፈው ነበር፤ አየሩ ግን ያው ነው። እንግዲህ የቀሩት የአየሩን መግቢያና መውጫ የሚዘጉት ቫልቮላዎቹ ናቸው።

የቺንጋውን ክዳን ከፈተ። ደመቀ አሮጌ ቺንጋ ከማውለቁ በፊት ቺንጋው በሚዞርበት ማርሽ ጥርስ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጋል፤ ልማዱ ነው። ማርሹ ላይ ግን ሁለት ቀይ ነጥብ አለ። አንዱ ትናንት የተቀባ፣ አንዱ የደበዘዘ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ የድሮ መካኒክ የተወው። አዲሱ ቺንጋ የተገጠመው በደበዘዘው ነው።

«በእጅህ አዙረህ አላየኸውም?» አለው ቀስ ብሎ።

«ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት ደርሶ...»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ደሜ።»

የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ፈትቶ ሲያወርድ ፒስተኖቹ አናት ላይ ቫልቮላ የነከሰው ጠባሳ፣ የጥፍር ቁራጭ የመሰለ፣ ታየ። ቴስታታውን ገልብጦ ጉድጓዱ ውስጥ ቤንዚን ሞላበት። ጤነኛ ቫልቮላ ጠብታ አያሳልፍም። ይሄኛው ግን በጎኑ ቀዳዳ እያንጠባጠበ ሲሚንቶውን አራሰው። ሦስቱም አዩት።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሀፍሷ።

ዘከሪያ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አብራር እዚህ የለ፣ አፍ የለው፤ «አዎ፣ ቺንጋው ነው» ቢላት ነገሩ እዚያው ያልቃል። ደግሞስ ከደመቀ ጋር ስንት ዘመን!

«ቺንጋው ደህና ነው፣ ልጄ። አብራርን ተዪው። ቫልቮላዎቹ ተጣመዋል። ያበላሸነው እኛ ነን።»

«እኛ አትበል» አለ ደመቀ። «እኔ ነኝ፣ ሀፍሷ። ምልክቱ ተምታቶብኝ ነው። ቅድም ዋሸሁሽ።»

እሷ የተጣመረ እጇን ፈታች።

«ነገ ልጆቹን በጀርባዬ አዝዬ ልሂድ?»

«የይገረምን ሚኒባስ እለምናለሁ። ጎረቤቴ ነው» አለ ደመቀ።

«ይዘህ ትመጣለህ፤ እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ከኋላ ከልጆቹ ጋር ትቀመጣለህ። ስልክህን ይቀሙሃል፣ ጸጉርህን ይጎትቱሃል። አቤት እንዳትል!»

«አልልም፣ እቴ።»

ደመቀ ሚኒባሱን ሊለምን ወደ በሩ ሄደ። ዘከሪያ ጎማ ላይ ተቀምጦ ቫልቮላዎቹን ያወጣ ጀመር። አንዷን ለጥ ባለው ብረት ላይ አንከባለላት፤ እንደ ሰካራም እየተወላገደች ሄዳ ቆመች። ሀፍሷ አንሥታ አገላብጣ አየቻትና ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠቻት።