የግራ እጅ ሬዲዮ

ካፒቴን ሶፋ ሠሪውን የሰደበው ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ባቆመ በመጀመሪያው እሑድ፣ ኮረብታው ሥር ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ሞተር አልባ ትንንሽ አውሮፕላን እየሠሩ የሚያበሩት የማኅበሩ ሰዎች በሙሉ ተሰብስበው ነበር። የሶፋ ሠሪው አውሮፕላን ያኔ ከመሬት ሆነው የሚያዙበት ሬዲዮ አልነበረውም፤ በእጅ ተወርውሮ ወዲያው አፍንጫውን ሣር ውስጥ ደፍቶ ነበር። ካፒቴን ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ለዚህ ሰውዬ ሬዲዮ ምን ያደርግለታል? የሱ አውሮፕላን እንደሆነ የመሬትን መንገድ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል» አለ። በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

ሶፋ ሠሪው ሆዱ ውስጥ ቋጥሮ የያዘው ስድቡን አይደለም፤ ሳቁን ነው። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነበራ! እሱ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ፣ ስፖንጅ እየቆረጠ ምስማር እየመታ ያስተማረው ወንድሙ። ዛሬ መምህር ሆኖ ከካፒቴን ጎን ካልተቀመጠ ሻይ አይወርድለትም። ካፒቴን ሲባል ደግሞ የእውነት ካፒቴን እንዳይመስላችሁ። መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ ነው። በዕድሜው አውሮፕላን ውስጥ የገባው ተሳፋሪ ሆኖ ነው፤ እሱም መስኮት አጠገብ አልደረሰውም ይባላል። ነጭ ባርኔጣ ስለሚደፋ ብቻ ካፒቴን ተብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሶፋ ሠሪው ሌላ አውሮፕላን ሠራ። የሶፋ እግር በሚልግበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ፣ ቀለል ያለ እንጨት እየመረጠ፣ ክንፉን በስስ ጨርቅ እየወጠረ። ጨርቅ መወጠር መቼም አያቅተውም። ሚስቱ ገብታ አይታ፣ «የሰው ሶፋ ሆዱ ተዘርግፎ ተኝቷል፣ አንተ እዚህ ወፍ ታለብሳለህ» ብላዋለች። ትበል። እሱ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ይሄ አውሮፕላን ከኮረብታው ተነስቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከፍ ብሎ እንዲንሳፈፍና ወንድሙ አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲያይለት። የቀረው ሬዲዮ ብቻ ነበር።

ሬዲዮ የምትሸጠው ሴትዮ ሱቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ዕቃውን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ እያወጣች አስረዳችው።

«ያንተ ሞተር ስለሌለው ብዙ ቻናል፣ ብዙ የማዘዣ መስመር አትፈልግም፤ ትርፉ ጌጥ ነው። ዋናው ሆዱ ውስጥ የሚገባው ነው። ወገቡ ቀጭን ነው ብለኸኛል፤ ተቀባዩም፣ ባትሪውም፣ ጅራቱን የምትጎትተው ሰርቮም ቀላል ይሁኑ። ከባድ ከሆነ አየሩ አይሸከመውም።»

ቀጥላ ሁለት ሬዲዮ አስቀመጠች። ቀለማቸውም መጠናቸውም አንድ ነው።

«እነዚህ መንታ ናቸው፤ ልዩነታቸው እጅ ላይ ነው። ይሄኛው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ደፋ የሚያደርገው በቀኙ ዘንግ ነው፤ ያኛው በግራው። የሚያስተምርህ ሰው በየትኛው ነው የሚያበረው?»

«ማንም አያስተምረኝም።»

«ቢጨንቅህስ? ተቀብሎ የሚያወርድልህ ሰው አይጠፋም መቼም። እሱ የለመደውን ግዛ፤ ድንጋጤ ላይ እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው፣ ወንድሜ።»

«ካፒቴን በየትኛው ነው?»

«ባለ ነጭ ባርኔጣው? በቀኙ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ከሱ ስለተማረ በቀኙ ነው።»

«እንግዲያው የግራውን ስጪኝ።»

«ግራኝ ነህ እንዴ?»

«ነኝ» አለ፣ ራሱን እንኳ በግራ እጁ አክኮ የማያውቀው ሰውዬ።

ሴትዮዋ አየት አደረገችውና ጠቀለለችለት።

ግራ እጁን ብቻውን አለማመደው። ከሶፋ መሥሪያው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ዝቅ አድርጎ እየወረወረ፣ በሰላም እያሳረፈ። ሲበቃው፣ የማኅበሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቀን አውሮፕላኑን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወጣ።

ማኅበሩ አንድ ልማድ አለው። አዲስ አውሮፕላን ከኮረብታው ጫፍ ሲለቀቅ የመጀመሪያውን በረራ የሚያበረው ካፒቴን ነው፤ እሱ ሚዛኑን አይቶ ይሁን ካላለ ባለቤቱ እንኳ አያበርም። ካፒቴን ገና ሲያየው እጁን ዘረጋ። ሶፋ ሠሪው ሬዲዮውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«እኔው አበረዋለሁ።»

ወንድሙ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ስጠው እንጂ። ደንቡ ነው። በሰው ፊት አታሳፍረኝ» አለው።

አታሳፍረኝ! ቃሉ እንደ ምስማር ገባበት። ሰጠ። ግን የራሱ ልፋት አሳዘነውና፣ «ይሄ ሬዲዮ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ስለ ስፖንጅ ንገረኝ፤ ስለ ሬዲዮ እኔ እነግርሃለሁ» አለ ካፒቴን። ሰዎቹ ሳቁ። ወንድሙም ሳቀ፤ ባለ ባርኔጣው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ለምዶበታል።

ሶፋ ሠሪው ያን ጊዜ ምላሱን ዋጠ። ይዋረድ አለ በሆዱ፤ ክንፌም ቢሰበር ይዋረድ። አውሮፕላኑን አነሳና ነፋሱ ላይ በገዛ እጁ ወረወረው።

አየሩ ተቀበለው። ካፒቴን በቀኝ እጁ ወደ ግራ አለው፣ ዞረ፤ ወደ ቀኝ አለው፣ ዞረ፤ ግራና ቀኙስ በሁለቱም ሬዲዮ በቀኙ ዘንግ ነው። ክንፉ ፀሐይ እያሳለፈ ከራሳቸው በላይ ከፍ አለ። «ኧረ ይሄ ሰውዬ!» አለ አንዱ። ወንድሙ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አፉ ተከፍቶ ያያል። «ጋሼ፣ አየኸው? ቆመ እኮ፣ አየር ላይ ቆመ!»

ሶፋ ሠሪው የካፒቴንን ጣቶች አየ። አሁንም «በግራው!» የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሉ እስከ ጥርሱ መጥቶ ቆመ።

ነፋሱ ረገብ አለና የአውሮፕላኑ አፍንጫ ደፋ አለ። ካፒቴን የቀኙን ዘንግ ሳበ። ምንም። ጥግ እስኪደርስ ሳበው። አውሮፕላኑ እንደደፋ ወርዶ ቁልቁለቱ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ተላተመ። የእንጨቱ ስብራት እላይ ድረስ ተሰማ።

ካፒቴን ግን አልተዋረደም። ሬዲዮውን ለወንድምየው አቀብሎ እጁን አራገፈ። «ጅራቱ አልታዘዘም። ለዚህ ነው ሳላይ ማንም አያበርም የምለው። ሰው ላይ ቢወድቅስ ኖሮ?» ሰዎቹ በአንድነት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ካፒቴን ደግ ያደረገ ሰው መሰለ።

ወንድማማቾቹ ብቻቸውን ወደ ስብርባሪው ወረዱ። ክንፉ ከመሃል ተሰብሮ፣ ጨርቁ ተተልትሎ ነበር። ወንድምየው ተንበርክኮ የቀኙን ዘንግ ነካ፤ ጅራቱ ዝም። የግራውን ነካ፤ ጅራቱ ቀና አለ፣ ደፋ አለ። ደጋግሞ ሞከረው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ... ደህና ነው እኮ። የግራ ነው።»

ሶፋ ሠሪው ድንጋዩን ያያል።

«አንተ ታውቅ ነበር። ቆመህ እያየህ... ለእሱ አትንገር እሺ፤ ለኔስ? አጠገብህ አልነበርኩም? ምነው በጆሮዬ ብትለኝ?»

የሚመልሰው ሞልቶት ነበር። ዓመት ሙሉ ስፖንጅ ሲቆርጥ ሲደረድረው የኖረው፣ ከበረንዳው ሳቅ ጀምሮ። ወንድሙ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ የተተለተለውን ጨርቅ በጣቱ መልሶ ሊገጥም ይሞክር ነበር። ሶፋ ሠሪው ይህን አየና ፊቱን አዞረ።

«ጋሼ! መልስልኝ እንጂ!»

እሱ ግን እጁን ኪሱ ከቶ መንገዱን ጀምሮ ነበር።