የኋላው በር

አንዴ ከወጣ በኋላ ለምን ተመለሰ?

አያትየዋ ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ሙሉ ስታላምጠው ሰነበተች። አሁንም ለቀስተኛው ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ላይ ተኮልኩሎ፣ ሻይ ይዞ ሲንሾካሾክ ዓይኗ የልጅ ልጇ ላይ ነው። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሹራብ እንኳ አልደረበችም። ብርድ ቢመታትስ?

ሟቹ፣ የልጅቷ አባት፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። እሳቱ ሲነሳ ከቀደሙት ጋር በፊት ለፊቱ በር ወጥቷል። ከዚያ ብረት አንስቶ ተመለሰና የኋላውን በር ሰንሰለት ሰበረ። አሥራ አንድ ሴቶች ወጡ። እሱ ቀረ።

"ጀግና ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል" አለ የፋብሪካው ኃላፊ፣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት እያወጣ። "በመታሰቢያው ቀን ልጁ እንድታነብልን ብለን በሚችል ሰው አስጽፈናል።" መነጽሩን አደረገ። "ሞትን የናቀ አንበሳ፣ ፍርሃት የሚባል ነገር የማያውቅ…"

"ማነው ፍርሃት የማያውቀው?" አለች አያትየዋ።

ልጇን እሷ ታውቀዋለች። መንገድ ሲሻገር የሃያ ዓመት ልጁን እጅ የሚይዝ ሰው ነበር። ጋዙን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ከደጅ ተመልሶ ደግሞ ያየዋል። ሚስቱ የሞተች ጊዜ ጸጉር መጎንጎን ከጎረቤት ተምሮ፣ ዘይት በማይለቀው ጣቱ፣ ልጁን እንዳያማት እየፈራ ሲሠራላት ኖረ። ልጅቷ የጦርነት ልቦለድ ስታነብለት፣ ጀግናው ብቻውን ጠላት መሀል ዘሎ ሲገባ "ቆይ ቆይ፣ መውጫውን አይቷል?" ይላታል። በሳቅ ትሞታለች።

ፋብሪካ ውስጥ ስሙ "አቶ ይጠንቀቁ" ነበር። ስሙን ያወጣለት ይኸው ኃላፊ ነው።

"የኋላው በር አይቆለፍ ብሎ ሦስቴ ሲጽፍላችሁ ፈሪ ነበር" አለች አያትየዋ። "አሁን ሲቃጠል ነው አንበሳ የሆነላችሁ?"

"እማማ፣ ሀዘኑ ነው የሚያናግርዎት።"

"አዎ፣ ሀዘኑ ነው። እስቲ ቀጥልና አንብበው። በሩን ማን ቆለፈው ይላል?"

ኃላፊው ወረቀቱን ገለበጠው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ይመስል።

"ክር ሰርቀው ይወጣሉ ተብለን ነው የተቆለፈብን" አለች እጇ በፋሻ የተጠቀለለ አንዲት የፋብሪካው ልብስ ሰፊ፣ አንገቷን እንደደፋች። "ቁልፉም እኚሁ አለቃችን ኪስ ነው የሚውለው።"

ልጅቷ ቀና አለች።

"አባዬ ጽፎ ነበር?" አለች ልጅቷ። "ታዲያ የጻፈው የት አለ?"

አያትየዋ የተቀመጠችበት ትራስ ፈጃት። የቀብሩ ዕለት የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ከልጇ መሳቢያ አውጥታ ከሥሩ የደበቀችው እሷ ናት። ይቺ ልጅ ካየቻቸው ዝም አትልም፤ ይዛቸው ፖሊስ ጋ ትሄዳለች። ዝም ካላለች ደግሞ… አንድ ቀብራለች፤ ለሁለተኛ አቅም የላትም።

"የኔ ልጅ፣ ነገሩን አታክብጂው" አለ ኃላፊው፣ ወረቀቱን ልጅቷ ጉልበት ላይ እያኖረ። "አንብቢውና የአባትሽ ስም ይጠራ። ጀግና ተብሎ ማለፍ ትንሽ ነገር ነው?"

ልጅቷ ወረቀቱን አየች። ያን ጊዜ ልጇ ለምን እንደተመለሰ ለአያትየዋ ገባት። ሌላው ነፍሴ አውጪኝ ሲል፣ ስለ መውጫ ሲያስብ የኖረው እሱ ነበር። እሷ ደግሞ መውጫው ላይ ተቀምጣበታለች።

እጇን ትራሱ ሥር ሰደደች። ሦስቱን ደብዳቤዎች አውጥታ ከውዳሴው በላይ አስቀመጠችላት።

ልጅቷ የመጀመሪያውን አነበበች። ሌሎቹን ማንበብ አላስፈለጋትም። ሦስቱንም አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የኃላፊውን ወረቀት ሻዩ አጠገብ መለሰችለትና ተነሳች።

የት ነው? ማን ጋ? እስከ ስንት ሰዓት? አያትየዋ አፏ ላይ የደረሰውን ሁሉ ዋጠችው። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የልጇን ኮት አውርዳ ልጅቷን ደረበችላት፤ ኮሌታውን አስተካከለችላት። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።