መሶብ የምታክል ቤተ ክርስቲያን

እኔ ወልደ ሰንበት የአንኮበር አናጢ ነኝ። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር ግን እኅቴ እትዬ ቦሰና ቀድማኝ ስትወለድ ከእናታችን ማሕፀን ጠራርጋ ነው የወጣችው። አርባ ዓመት ጥጥ ፈትላ፣ በሰም ነክራ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስትሰጥ ኖራለች። ጧፉ የሚበራበትን መቅደስ ግን አንድም ቀን አላየችም፤ ሴት አይገባበትማ። እኔ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ፣ ታቦቱ ሳይገባ፣ መቅደሱን በገዛ እጄ አቁሜዋለሁ።

በ፲፰፻፸፰ ዓ.ም. ክረምት ዐይኗን ሞራ እየጋረደው መጣ። እስከ መስቀል ጨርሶ ይጨልማል አሉን።

"ዐይኔስ ይሂድ፤ ጧፌ የሚበራበትን ሳላይ መሄዱ ነው የሚቆጨኝ" አለችኝ።

እኔም ሳላስበው አሳይሻለሁ አልኳት። አፌ ሁልጊዜ ከእጄ ይቀድማል።

ከቀርክሃና ከጭቃ መሶብ የምታክል ቤተ ክርስቲያን ሠራሁ፤ ሦስት በር፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መሐሉ ላይ መቅደሱ ከነመጋረጃው። ያስቸገረኝ መብራቱ ነው። ጧፍ ባቆምባት ጣሪያዋ ይነዳል። ስለዚህ ከወለሏ ሥር አንድ ጣባ የቀለጠ ቅቤ አስቀመጥኩ። ከጣባው የስንዴ አገዳ እንደ ቦይ በየግድግዳው አሳልፌ፣ በየአገዳው ውስጥ እሷ የፈተለችውን ቀጭን ክር ሰደድኩ። የአገዳው ጫፍ እንዳይቃጠል በሸክላ አፈር ለበጥኩት። አሥራ ሁለት ክር ነበር፤ አንዷን ከመቅደሱ መጋረጃ ኋላ አወጣኋት።

ስለኩሰው ሁሉም ብልጭ አለና ድርግም። ሦስት ቀን አገዳውንም ክሩንም ስረግም ዋልኩ። በመጨረሻ እትዬ ቦሰና ጣቷን ጣባው ውስጥ ነክራ፣ ብርዱ ቅቤውን አርግቶብህ ነው፣ በቅባ ኑግ ለውጠው አለችኝ። በአንኮበር ብርድ ተወልጄ አድጌ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ።

በማግስቱ ጉም አገሩን ውጦት ነበር። በሩን ዘግቼ ለኮስኩ። አሥራ ሁለቱም ክሮች ቀስ ብለው በሩ፤ ብርሃኑ ጥፍር በሚያካክሉት መስኮቶች ወጥቶ ግድግዳችን ላይ ተንቀጠቀጠ። ጭቃና ቀርክሃ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። እነዚህ እጆች ይህን ሠሩት ብዬ ማመን አቃተኝ።

እትዬ ቦሰና ነጠላዋን መስቀለኛ ለበሰች።

"የሴቶቹ በር በየት በኩል ነው?" አለች።

ደቡቡን አሳየኋት። ግድግዳውን እየዳበሰች ዞራ በዚያ በኩል ተንበረከከች። ይታየኛል አለች፤ ደግማም ይታየኛል አለች።

እንግዲህ አሁን ነው ብዬ የመቅደሱን መጋረጃ ልገልጥ እጄን ሰደድኩ። ያዘችኝ።

"እትዬ፣ ታቦት የለበትም፤ ቀርክሃ ነው። ነገ ዐይንሽ አያይም።"

"አውቃለሁ። አርባ ዓመት ያልሰረቅሁትን ዛሬ ልስረቅ?"

ተናደድኩ። ወር ሙሉ የለፋሁት ለዚያች መጋረጃ ነበር። ልመልስላት ስል ግን ፊቷን አየሁና እጄን ሰበሰብኩ። ከመጋረጃው ኋላ የምትነደው ክር ጨርቁን አቅልታው ነበር፤ እሷም ዐይኗን ከዚያ አልነቀለችም።

"ይቺ ከውስጥ ያለችው የኔ ፈትል ናት?"

"ያንቺው ናት፣ እትዬ።"

"እንግዲያ ገብቻለሁ" አለች።

ቅባ ኑጉ እስኪያልቅ አልተነሣችም። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ ቆየሁ።