ዘፋኝ የሌለው ኮንሰርት

ነገሩ ሁሉ የመጣው ሀይሚ በስህተት ከጫነችው ሙዚቃ ነው።

ሀይሚ ቤቷ ጎባ ሲሆን ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ሞባይል ቤት አለቻት። ስልክ ትጠግናለች፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ትሸጣለች፣ ለፈለገም ሰው በሚሞሪ ዘፈን ትጭናለች። ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ጉራግኛው፣ መንዙማው፣ መዝሙሩ ሁሉ በየፎልደሩ ተቀምጧል። አንዱ ፎልደር ግን የራሷ ነበር፤ ለማንም ጭናው አታውቅም። እዚያ ውስጥ ያሉት ሙዚቃዎች ዘፋኝ የላቸውም። አንድ ጊታር ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው ይከተለዋል፤ ድራሙ ከሩቅ፣ ከተራራ ማዶ እንደሚመጣ ሰው እያዘገመ ይደርሳል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይነሣና ሰሚውን እንደ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል። ፖስት ሮክ እንደሚባል ያወቀችው ከወደደችው በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጎባ ስትመጣ፣ ደመናው አስፋልቱ ላይ ወርዶ ሚኒባሱ በነጭ ነገር ውስጥ ሲዋኝ፣ ያንን እየሰማች ሮቤ መድረሷን ትጠላው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ትከሻው ላይ የገለባ ብናኝ ያለበት ረጅም ሰው መጣና፣ «ለሥራ የሚሆን ነገር ጫኚልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ነው የምሰማው» አላት። ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበርና ሀይሚ ያገኘችውን ፎልደር ገልብጣለት ሸኘችው።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።

«ያን ጊዜ የጫንሽልኝ ውስጥ ዘፋኞቹ የሉም። መጀመሪያ ሚሞሪው የተበላሸ መስሎኝ ነበር» አላት።

ሀይሚ የሆነውን ወዲያው ገባትና አፈረች። «ይቅርታ፣ ወንድሜ። አምጣው፣ አሁን አስተካክልልሃለሁ።»

«አይ፣ አታስተካክዪው። ሌላም ካለሽ ጨምሪልኝ።»

ጀሊል ይባላል። ገሰራ አካባቢ በስንዴ ማሳዎች ላይ ኮምባይነር የሚነዳ ኦፕሬተር ነው። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ሚሞሪው እስኪሞላ፣ ጋቢናው ውስጥ ብቻውን ሆኖ ያየውን ነገራት። ማሳው ዳር የለውም አላት። ስንዴው ፊት ለፊቱ ይቆማል፣ ይገባል፣ ከኋላ ገለባ ሆኖ ይወጣል፤ ሙዚቃው እየጨመረ ሲሄድ ግን ማሽኑ የቆመ፣ መሬቱ ራሱ ወደ እሱ የሚፈስ ይመስለዋል። ሀይሚ እጇ ላይ የነበረውን ስልክ አስቀመጠችው። ይህን ነገር ከራሷ ሌላ የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስላትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጀሊል ሮቤ በመጣ ቁጥር ሱቋ ጎራ ማለት ልማዱ ሆነ። እሷ አዲስ ያገኘችውን ታሰማዋለች፤ የአይስላንድም የጃፓንም ባንድ ይሁን፣ እሱ የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይሄኛውስ ይረዝማል?» ከሁሉ በላይ የወደዱት ግን ከአዲስ አበባ የተገኘውን ነው። «ጠል» የሚባል፣ አራት ወጣቶች ያሉበት ባንድ ነው። «የጠዋት መንገድ» የምትል ረጅም ሥራ አለቻቸው፤ ሀይሚ እሷን ስትሰማ ሰው አያናግራትም።

አንድ ቀን ድፍረቱን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ የባንዱ ቴሌግራም ላይ «ሮቤ አትመጡም?» ብላ ጻፈች። ሚኪያስ የሚባለው ቤዝ ተጫዋች፣ «ሮቤ የሚሰማን ሰው አለ እንዴ?» ብሎ መለሰላት።

«አለ» አለች። እሷና ጀሊል ማለቷ ነበር።

«አዳራሽና ሞንታርቦ ካገኛችሁ እንመጣለን።»

አዳራሽ ያላት አዴ ቀመር ናት። ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ያስገነባችው የሠርግ አዳራሽ የቆርቆሮ ጣሪያው ከሩቅ ያብለጨልጫል። ሀይሚ ሄዳ እጅ ነሥታ፣ ነገሩን አስረዳቻት።

«ዘፋኙ ማነው?» አለች አዴ ቀመር።

«ዘፋኝ የላቸውም፣ አዴ።»

«ታዲያ ግጥሙን ማን ይለዋል?»

«ግጥምም የለውም። መሣሪያ ብቻ ነው።»

አዴ ቀመር ሻርፏን አስተካክላ ጥቂት አሰበች። «ስለዚህ ምንም አይሉም።»

«ምንም አይሉም።»

«ጥሩ ነው እንግዲህ። ምንም ያላለን ሰው ምን አልክ ብሎ የሚጣላ የለም። እሑድ ከሰዓት ሠርግ የለኝም፣ ኢንሻአላህ ተጫወቱበት። አበባዬን ብቻ እንዳትነቅሉብኝ።»

ቀኑ በታኅሣሥ ለሚውል አንድ እሑድ ተቆረጠ። ሀይሚ ፖስተር አሠርታ ሱቋ በር ላይ ለጠፈች፤ ከዩኒቨርሲቲው የማታውቃቸው ተማሪዎች እየመጡ ይጠይቋት ጀመር። አንዷ፣ ቤቷ ሩቅ ያለ ልጅ፣ ዶርም ውስጥ በብርድ ልብስ ተሸፍና ይህን ሙዚቃ ስትሰማ ጓደኞቿ ታማለች ብለው እንደሚያስቡ ነገረቻት። ሀይሚ ሥራ ላይ ሆና ልቧ ይሄዳል። በጆሮ ማዳመጫ የምታውቀው ድራም በአየር ላይ ሲመታ ደረት ላይ ምን ይሰማል? ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ አዳራሹ ሙሉ ሰው አብሮ ዝም ሲል ምን ይመስላል? ስታስበው የያዘችው መፍቻ ከእጇ ይወድቃል።

ጀሊልን ስትነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«በዚያን ቀን ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ማሳ ላይ ነኝ። ስንዴያቸው ደርሷል። ተራቸውን ሲጠብቁ ቆይተው ኮምባይነሩን ትቼ ኮንሰርት ሄድኩ ልበላቸው?»

ሀይሚ ከፋት። እንዲቀር አልፈለገችም፤ ሽማግሌውን እንዲበድልም አልፈለገችም። «እሺ፣ እቀርጽልሃለሁ» አለችው።

ኮንሰርቱ ሊደርስ ሲል ከሳነቴ ተራራ በኩል ያለ ጊዜው ደመና ተነሣ። እሑድ ጠዋት ዝናቡ ወረደ። ከጎባ በሚነሣው ሚኒባስ የተሳፈረው ሰው ሁሉ መስኮቱን እያየ ጸጥ አለ፤ በአጨዳ ወቅት የሚጥል ዝናብ ምን እንደሆነ ለባሌ ሰው አይነገረውም። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት «ረቢ፣ ረቢ» እያሉ ፈጣሪያቸውን በለሆሳስ ይጠሩ ነበር። ሀይሚ ግን ዝናቡን ስታይ በመጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ጀሊል አይሠራም» የሚል ነበር፤ ደስ አላት። ወዲያው በራሷ አፍራ አንገቷን ደፋች።

ባንዱ ቀድሞ ደርሷል። ድራሙ ሙሽሮች በሚቀመጡበት መድረክ ላይ፣ ከአዴ ቀመር የፕላስቲክ አበቦች ፊት ተተክሏል። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ግማሽ ሲሞላ ጀሊል ገባ። ከገሰራ በአይሱዙ ነው የመጣው፤ ቡትሱ ጭቃ ነው፣ ጃኬቱ ይንጠባጠባል።

«እርጥብ ስንዴ ኮምባይነር አያጭደውም» አላት፣ ሳትጠይቀው። «ደስ ብሎኝ አይደለም የመጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ትንሽ ግን ደስ ብሎኛል» አለና አጠገቧ ተቀመጠ።

ሚኪያስ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠና ጀመሩ። ግን ምንም አልተሰማም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይፈላል፤ የጊታሪስቱ ጣት ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፁ የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጊታሪስቱ ቆመ። ድምፁን ከፍ ያደርጋል ብላ ሀይሚ ስትጠብቅ፣ እሱ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ከዝናቡ በታች ገብቶ፣ ዝናቡ በላላ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል አንድ ዜማ መምታት ጀመረ። ቤዙ መሬት ለመሬት መጣ፤ በጆሮ ሳይሆን በእግር መዳፍ ነበር የሚሰማው። ዝናቡ ሲበረታ ድራሙ አብሮት ይበረታል፤ ሲያባራ አብሮት ይሰክናል። የትኛው ከጣሪያው፣ የትኛው ከመድረኩ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ሀይሚ አዳራሹ ከመሠረቱ ተነሥቶ፣ ከነሰዉ ከነአበባው፣ በደመናው መሀል ቀስ ብሎ የሚሄድ መሰላት። ከጎኗ ጀሊል ዓይኑን ጨፍኗል።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና ጋቢያቸው የራሰ አንድ ሽማግሌ ገቡ። እዚያም እዚህም እያዩ ሰው ይፈልጋሉ። ሀይሚ አይታቸው አታውቅም፤ ግን ቡትሳቸው ላይ ያለው ጭቃ ከጀሊል ጭቃ ጋር አንድ ነው። ኦቦ ጃርሶ መሆናቸውን አወቀች። መጥተው ትከሻውን ይዘው ሊያስነሡት ነው ብላ ጠበቀች። ሽማግሌው ጀሊልን አዩት፤ የተጨፈነ ዓይኑን አዩት፤ ከዚያ ወንበር ስበው ከኋላው ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ጭነው እንደ ሌላው ሰው ያዳምጡ ጀመር።

ሀይሚ «የጠዋት መንገድ»ን እስከ መጨረሻው ጠበቀች። ሌሎቹን ተጫወቱ፣ ሰው ቆሞ አጨበጨበ፣ ያቺ ሥራ ግን አልመጣችም። ገመድ ሲጠቀልሉ ሄዳ ሚኪያስን ጠየቀችው።

«ያቺን የሠራት የድሮው ጊታሪስታችን ነው፤ ከባንዱ ተለይቶ ሄደ። ያለ እሱ አንነካትም» አላት።

«መጀመሪያ ላይ ከዝናቡ ጋር የተጫወታችሁትስ ስሙ ማነው?»

ሚኪያስ ሳቀ። «እኛም ገና ዛሬ ነው የሰማነው።»

ስትመለስ ጀሊል ከሽማግሌው ፊት ቆሟል።

«ኦቦ ጃርሶ፣ ሳልነግርዎት መጣሁ። አጥፍቻለሁ።»

«ዝናብ እየጣለ እዚያ ሆነህ ምን ልትሠራልኝ?» አሉት። «ነፋሱ ዞሯል፣ ዝናቡ ያቆማል ልልህ ነው፣ የአይሱዙውን ሹፌር ጠይቄ የመጣሁት። ማሳው እንደደረቀ ትገባለህ።» ከዚያ መድረኩን አየት አደረጉ። «ከጠዋት ጀምሮ ይህን ዝናብ ስሰማ የምሰማው ስንዴዬን ነበር። እዚህ ስቀመጥ ለትንሽ ጊዜ ዝናብ ብቻ ሆነልኝ።»

ነፋሱ እንዳሉት ዝናቡን ጠርጎ ወሰደው። ወንዝ ዳር ያለው ስንዴ ተኝቶ እዚያው በቀለ፤ የቀረው ግን ደርቆ ቆመና ጀሊል አጭዶ አስገባላቸው።

አጨዳው ሲያልቅ ጀሊል ሀይሚ ሱቅ መጣ። ተማሪዎቹ በስልካቸው የቀረጹትን አምጥተው ነበር፤ በሁሉም ውስጥ ያለው ዝናብ ብቻ ነው። ባንዱም ከዝናቡ ጋር የተጫወተውን ያንን ሥራ መልሶ ሊያገኘው እንዳልቻለ ሚኪያስ ጽፎላታል።

«እንዲህ ነበር» አለ ጀሊል፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እያንጎራጎረ።

«እዚህ ጋ ይወርዳል እንጂ አይወጣም» አለች ሀይሚ፤ እሷም በተራዋ አንጎራጎረች።

ብርድ ልብስ ተሸፍና የምትሰማው ተማሪ ቻርጀር ልትገዛ ገብታ ሁለቱንም ሰማቻቸው። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አለችና፣ ሌላ ሦስተኛ ዜማ ጀመረች። አላቋረጧትም።