ከዱቄቱ ጀርባ የተደበቀው ብልቃጥ

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ሁለተኛ ሚስት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመነቻትም። ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማምና በልቧ «ድመቲቱ» የሚል ስም አውጥታላታለች። ጡረታ የወጣ ሾፌር የሆነው ወንድሟ ግን በሁለቱ መሀል ገብቶ አያውቅም። አብረው በሚኖሩበት ቤት ሁለቱንም ይወዳል፣ ሁለቱንም ዝም ይላል።

ሰሞኑን ደግሞ ሰውነቱ ከድቶታል። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይዝላል፤ አንዳንዴም ደረቱን ይዞ ልቤ ዘለለች ይላል። ሐኪም የደም ግፊት ክኒን አዝዞለት ጨው ከከለከለው ሁለት ወሩ ነው። ልብስ ሰፊዋ ክኒኑን አልጠረጠረችም፤ የጠረጠረችው እጅ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ሲቀርብ በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ አጮለቀች። ሚስቲቱ ግራ ቀኝ አይታ ከዱቄቱ ጣሳ ጀርባ ብልቃጥ አወጣች፤ ባሏ ሳህን ላይ ብቻ ነጭ ነገር ነስንሳ መልሳ ደበቀችው። ሚስቲቱ ገበያ እንደወጣች ልብስ ሰፊዋ ብልቃጡን አንስታ አገላበጠችው። የተለጠፈበት ወረቀት ሆን ተብሎ ተፍቋል፤ ከሥር ግን በደቃቅ ፊደል «ፖታሲየም ክሎራይድ» የሚል ቀርቶበታል።

ልብስ ሰፊዋ «ክሎራይድ» የሚለውን ደግማ አነበበች። ወጣት ሳለች ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ በሚያነጡበት ክፍል ሠርታለች። አንድ ጠዋት የክሎሪኑ ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት ባልደረቦቿ እየሳሉ በቃሬዛ ወጡ፤ አንደኛዋ በዚያው ቀረች። ክሎር የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ትዝ የሚላት ያ ሳል ነው።

ለፖሊስ ከመናገሯ በፊት ማረጋገጥ ፈለገች። ብልቃጡን ይዛ ወደ ሱቋ ሄደችና ቀሚሷን ልትለካ ለመጣችው የኬሚስትሪ መምህርት አሳየቻት። መምህርቷ ታሪኩን ሰምታ አልሳቀችም። የስፌት ጠመኔውን አንስታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ክብ በክብ ላይ ሣለች፤ ከሣጥኑም አዝራር እያወጣች ደረደረችባቸው። መሀሉ የአቶሙ እምብርት፣ አዝራሮቹ ኤሌክትሮኖቹ መሆናቸውን አስረዳቻት። ክሎሪን በመጨረሻው ዙር ሰባት ስላለው ስምንተኛ ካላገኘ ዕረፍት የለውም፤ ሳንባም ቢሆን ካገኘው ይነጥቃል። ፖታሲየም ደግሞ ውጨኛው ዙር ላይ አንዲት ብቻ አለችው፤ እሷንም ለመስጠት ይቸኩላል።

«እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ርክክቡ አልቋል» አለች መምህርቷ። «የሰጠው ፖዘቲቭ፣ የተቀበለው ኔጌቲቭ ሆነው ተሳስበው ተጣብቀዋል። አዮን የምንላቸው እነዚህን ነው። ክሎሪኑ አሁን የሚነጥቀው የለም። እትዬ፣ ይሄ መርዝ አይደለም፤ የጨው ምትክ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ እፎይ ማለት ሲገባት ቅር አላት። ቅር እንዳላትም ራሷ ታዘበችው።

መምህርቷ ግን አዝራሮቹን ስትሰበስብ እጇ ቆም አለ። የሚበላው ሰው ምን ክኒን እንደሚወስድ ጠየቀች። መድኃኒቱን የምትገዛለት ልብስ ሰፊዋ ስለነበረች ባዶውን ካርቶን ከቦርሳዋ አወጣች። መምህርቷ አንብባ ፊቷ ተለወጠ።

«የኔም አባት ይሄንኑ ነው የሚወስደው። ሐኪሙ የጨው ምትክ እንዳትነኩ ብሎናል» አለች። «ውሃ ሲነካው ሁለቱ ይለያያሉ፤ ፖታሲየሙ በደም ይዞራል። ልብ ያለሱ አትመታም፤ ሲበዛ ግን ምቷ ይዛባል። ትርፉ በኩላሊት እንዳይወጣ ደግሞ ክኒኑ ይይዘዋል። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።»

ዛሬውኑ ወሰዱት። የደሙ ምርመራ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ሁለቴ አየውና ወዲያው አስተኛው። ምን ሲበላ እንደሰነበተ ሲጠይቅ ሚስቲቱ ማንንም ሳትጠብቅ እኔ ነኝ የሰጠሁት አለች። ባሏ ያለ ጨው አልበላም ብሎ አስቸግሯት ነበር፤ የበሽተኛ ጨው መሆኑን ካወቀም ሳህኑን እንደሚገፋው ታውቃለች። የደበቀችውም፣ ወረቀቱን የፋቀችውም ለዚህ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ሚስቲቱ ዞር አለች።

«እትዬ፣ ብልቃጡን የወሰዱት መርዝ መስሎዎት ነው?»

ብትክድ የሚያውቅባት አልነበረም።

«አዎ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ባይጠረጥሩኝ ኖሮ በገዛ እጄ እገድለው ነበር» አለች ሚስቲቱ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ ከድምፅዋ አይታወቅም።

በአራተኛው ቀን ወንድሟ ድኖ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሚስቲቱ ምግብ ስታቀርብ በመጀመሪያ ከባሏ ሳህን አንድ ማንኪያ አንስታ የልብስ ሰፊዋን ዓይን ዓይን እያየች ትቀምሳለች። ተይ፣ ይቅር በይኝ ብትላትም አልተወችም። ወንድምየው ግን ሚስቴ ካልቀመሰችልኝ አልበላም፣ ፍቅሯ ባሰባት እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራል።