የፖስተኛው መኪና ወንበር

ቨርሊን ስታፈር ፈርቶ ነበር። ሌላ ስም አይገኝለትም። ዕድሜውን ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቀጥ ባለ መንገድ በሚሽቀዳደሙበት የድራግ ውድድር ሜዳ ላይ መኪና ሲያስፈተልክ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው መስከረም ግን የመኪናው ኋላ ተንሸራቶ መሃል መስመሩን አለፈ፣ ጎኑ ይነዳ የነበረውን ወጣት ተፎካካሪውንም ለጥቂት ሳተው። ማንም አልተጎዳም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ቀበቶውን ባሰረ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። በዚያ የበቆሎ አገር፣ በኢንዲያና፣ ወንዶች ጉልበቴን አመመኝ ይላሉ፣ ወገቤን አመመኝ ይላሉ፤ ፈራሁ ሲሉ ግን ተሰምተው አያውቁም።

በረዶማው ክረምት ሲገባ ትልቋን የውድድር መኪናውን ሸጠ። ለሚስቱ ለላቮን፣ የነዳጁና የጎማው ወጪ ስለበዛ አንዲት ሞተሯ የፊት ጎማዋን የሚያዞር አሮጌ መኪና ሊገዛ እንደሆነ ነገራት። የልቡ ሌላ ነበር። ቀርፋፋ መኪና ቢይዝ ፍርሃቱ ይለቀው ይሆናል ብሎ ነው። ካልለቀቀው ማቆሙ ነው። ማቆም ማለት ደግሞ ቅዳሜን፣ ጓደኞቹን፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታን፣ ከላቮን ጋር መኪናዋ የምትጫንበት ተጎታች ጥላ ሥር ተቀምጦ መብላትን፣ ሁሉንም ባንድ ቀን ማጣት ነው። ሐሳቡ እንቅልፍ ነሳው።

መኪና ፍለጋው ላይ ኦሪን አልተለየውም። ኦሪን የረጅም ዘመን ጓደኛው ነው፣ የረጅም ዘመን ተፎካካሪውም ነው፤ ምላሱ ደግሞ ከመኪናው ይፈጥናል። በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ለሱ መኪና አይደለም። መኪና ተፈናጥሮ ሲነሳ ክብደቱ ወደኋላ ይሄዳል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ታዲያ የሚሠራው ጎማ ከፊት ከሆነ አየር ሊቧጥጥ ነው እያለ መንገዱን ሙሉ ለፈለፈ። ቨርሊንም ይህን አያጣውም። ስለዚህ ከባድ ሞተሯን አፍንጫዋ ላይ የተሸከመች፣ አውቶማቲክ ማርሽ ያላት፣ ከሁሉም በላይ ማንም ያልነካካት ፈለገ፤ በስቶክ ምድብ የምትወዳደር መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች መሆን አለባትና። መጀመሪያ ያዩዋት ቀይ መኪና ታምር ነበር፤ ኮፈኑ ሲከፈት ግን ሞተሩ የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛዋ ወለሏ በዝገት ተበልቶ በእግር ሥር ሣሩ ይታያል።

ሦስተኛዋ ዴንዚል የሚባል ጡረታ የወጣ የገጠር ፖስተኛ ቡናማ ባለ አራት በር መኪና ነበረች። የዚያ አገር የገጠር ፖስተኛ በቀኝ በኩል፣ በተሳፋሪው ቦታ ይቀመጥና ግራ እጁን ለመሪ፣ ግራ እግሩን ለፍሬንና ለነዳጅ ዘርግቶ፣ በቀኝ መስኮት ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ እየጨመረ ያልፋል። ስለዚህ የቀኙ ወንበር ተቦትርፎ ስፖንጁ ወጥቷል፤ የሾፌሩ ወንበር ግን ሰው ያልተቀመጠበት ይመስል ነበር።

ኦሪን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። “አንተ ሽማግሌ፣ ይቺ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆም ስትነሳ፣ ስትቆም ስትነሳ የኖረች ናት እኮ።”

“ታዲያ ከዚህ በላይ መነሳት የሠለጠነ መኪና የት ታገኛለህ?” አለው ቨርሊን።

ዴንዚል ካምቢዮዋን ባለፈው ዓመት እንዳሳደሰ ነገራቸው። ሞተሯ አልተነካካም። ቨርሊን ብቻውን ይዟት ወጣና በበቆሎ ማሳዎቹ መሃል በተዘረጋው ባዶ መንገድ ላይ አቆማት። ፍሬኑን ይዞ ነዳጅ ሰጣትና ለቀቃት። መኪናዋ ለዕድሜዋ አላሳፈረችም። እሱን ግን ያው ፍርሃት ያዘው። የውድድሩን ርቀት በአሥራ አምስት ሴኮንድ እየተንፏቀቀች በምትጨርስ መኪና! ዳር ይዞ ቆመና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ነገሩ ከመኪናው አልነበረም ማለት ነው።

ቀና ሲል ጉልበቱ ከመሪው ሥር ተጣብቆ አየ። ቨርሊን ግንድ የሚያህል ሰው ነው። ወንበሩን ወደኋላ ለመግፋት እጁን ወደ ማንሻው ሰደደና መሃል ላይ ተወው። አንድ ሐሳብ መጣለት። ሐሳቡ ቅጥፈት ነበር፤ ቢሆንም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው። መኪናዋን ሳይከራከር ገዛት።

ለላቮን የነገራት እንዲህ ነው። የሾፌሩ ወንበር ያን ሁሉ ዓመት ሳይንቀሳቀስ ሀዲዱ ዝጎ ተጣብቋል፤ ሊፈታ ቢሞክር ይሰበራል፤ ስለዚህ እሱ ከመሪው ኋላ አይገባም። የመኪናዋም ፍጥነት አነስተኛ ስለሆነ ለመወዳደር ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል። “አንቺ ካልነዳሻት መሸጧ ነው” አለ፣ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ።

ላቮን ድሮ አንዴ ልንዳ ብላው ስቆባታል። ሁለቱም አልረሱትም። እጇን በፎጣ አደረቀችና እሺ ብቻ አለች። ከዚያ ብቻዋን ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እሱ በወጥ ቤቱ መስኮት ሲያያት መሪውን ይዛ ፈገግ ትል ነበር።

የሚያዝያ መጀመሪያ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ዕጣ ሲወጣ ላቮን ከኦሪን ጋር ተደለደለች። በዚህ ውድድር ሁለቱም መኪናቸው በስንት ሴኮንድ እንደምትደርስ አስቀድመው ያስመዘግባሉ፤ ቀርፋፋዋ በልዩነቱ ያህል ቀድማ ትነሳለች፣ ፈጣኗ ታሳድዳለች። ካስመዘገበው ፈጥኖ የገባ ደግሞ ይሸነፋል። ኦሪን ሊያሳድዳት ነው ማለት ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ፖስታዬን ልቀበል ነው እያለ ሲያወራ ዋለ።

ከመነሻው በፊት መሬቱ ላይ ውሃ ይደፋል። ሾፌሩ የሚሠራውን ጎማ ውሃው ላይ አቁሞ በማሽከርከር ያሞቀዋል፤ ጎማው የት እንደቆመ ስለማይታየው ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሞ በእጁ የሚመራው ሰው ያስፈልገዋል። እስካሁን ስትመራ የኖረችው ላቮን ናት። አሁን ተራው የቨርሊን ሆነ። ደረቱን ነፍቶ ቆመና ነይ፣ ነይ፣ ነይ እያለ ጠራት፤ የኋላ ጎማዋ ውሃው ላይ ልክ ሲያርፍም እጁን አንስቶ አስቆማት። የፊቱ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ተገትሯል።

ላቮን በመስኮት አንገቷን አወጣች። “ቨርሊን፣ ይቺ የምትጎትተው በፊቷ ነው።”

ሜዳው በሳቅ አለቀ። ኦሪን ቀበቶውን አስሮ እንደተቀመጠ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። ቨርሊን ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ ግን ራሱም ሳቀ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቅር። ላቮን የማንንም እጅ ሳትጠብቅ ወደኋላ መለሰቻትና የፊት ጎማዋን አጭሳ ወደ መነሻው ተጠጋች።

አረንጓዴው መብራት በራላት። ቡናማዋ መኪና አፍንጫዋን ቀና አድርጋ፣ ጎማዋ ጭ ብሎ፣ ሄደች። ኦሪን ተራውን እየጠበቀ ሲያጉረመርም እሷ ሜዳውን አጋምሳለች። ቨርሊን ፍርሃቱ እስኪመጣበት ጠበቀ። አልመጣም። ይልቅ ባርኔጣውን አውልቆ እየጮኸ መሆኑን ያወቀው ጉሮሮው ሲደርቅ ነው። ኦሪን መጨረሻው ላይ ደረሰባት፣ በአፍንጫም ቀደማት፤ ግን በሴት ላለመበለጥ ሲል እግሩን ከነዳጁ ስላላነሳ ካስመዘገበው ፈጥኖ ገባ። የአሸናፊው መብራት የበራው በላቮን በኩል ነበር።

ተጎታቹ ጥላ ሥር የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ይዘው ሲቀመጡ ላቮን ፊቷ ገና እንደፈካ ነበር። ግማሹን በልታ ወረቀቱን አጣጠፈችና፣ “ወንበሩ እኮ ይሄዳል” አለችው።

ቨርሊን ሊጎርስ ያነሳውን ሳንድዊች መለሰው።

“እኔ አጭር ነኝ፤ ወደፊት ካልሳብኩት ፍሬኑ ላይ አልደርስም። ማንሻውን ነካ ሳደርገው ሸርተት አለ። ዝገት የሚባል ነገር የለበትም።”

“መቼ ነው ያወቅሽው?”

“ያመጣሃት ዕለት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ብነግርህ ታፍርና ትገባባት ነበራ። እኔ ደግሞ እንድትገባባት አልፈለግኩም።”

ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ቃሉ ራሱ ወጣ። “ፈርቼ ነው፣ ላቮን።”

“አውቃለሁ። ቀበቶህን ስታስር እጅህን የሚያየው ማን ነበር? ፊት ለፊትህ የቆምኩት እኔ አይደለሁ?”

ዓይኑን በባርኔጣው ጠረገ። እሷ ከሱ ሳንድዊች ቆረሰችና በላች። ኦሪን ከሩቅ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አሳይሻለሁ እያለ እየዛተ አለፈ።

ሲመሽ መኪናዋን ተጎታቹ ላይ ጫኑ። ቨርሊን ተጎታቹን የሚስበውን ፒክአፕ ቁልፍ ሳይጠየቅ ሰጣትና ጋቢና ገባ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ገፋው፣ እግሩን ዘረጋ። ላቮን ከሜዳው በር ሳትወጣ ማንኮራፋት ጀመረ።